የባሕር ዳርን ሌሊት ከመጨለሙ በፊት አንሱት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ የከተሞቻችንን የሌሊት ፎቶ አዘውትሮ ያወጣል። የባሕር ዳር ተራ ሲደርስ ግን የሚታየው ሁሌም አንድ ነው፤ ከላይ ድፍን ጥቁር ሰማይ፣ ከታች ቅርጻቸው የጠፋ ነጫጭ የመብራት ነጠብጣቦች፣ በመካከል ሕንፃው ከዘንባባው፣ ዘንባባው ከሐይቁ የማይለይበት ጨለማ። ፎቶውን የሚልኩላችሁ ወጣቶች ከተማቸውን እንደሚወዱ ያስታውቃል። ብዙዎቹ የያዙት ካሜራም ሆነ ሞባይል ከበቂ በላይ ነው። የጎደለው ሰዓቱን ማወቅ ነው። ከተማ በሌሊት መልኩ የሚያምረው ሌሊቱ ሳይገባ ሲነሳ ነው። ደብዳቤውን የምጽፈው ይህንኑ በዝርዝር ለማስረዳትና በመጨረሻም ከእናንተ ከአዘጋጆቹ የምጠይቀው ነገር ስላለ ነው።

ጀምበር እንደጠለቀች ሰማዩ ወዲያው አይጠቁርም። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ የመንገዱ መብራት ይበራል፣ የሱቆቹ መስኮት ቢጫ ብርሃን ያወጣል፣ ሰማዩ ግን ገና ጥልቅ ሰማያዊ ነው። የምንፈልገው ይህን ጊዜ ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስላለች ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህም ድንግዝግዙ ቶሎ ያልፋል። የምንፈልገው ሰማያዊ ብርሃን ጀምበር ከጠለቀች ከ14 ወይም ከ15 ደቂቃ በኋላ ይጀምራል፣ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ አልቋል። በኢንተርኔት የምናያቸው ብዙዎቹ ማስተማሪያዎች የተዘጋጁት ፀሐይ እያዘነበለች በዝግታ በምትጠልቅባቸው የሰሜን አገሮች ነው፤ እዚያ ይህ ብርሃን አንዳንዴ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። የእነሱን ሰዓት ይዞ እዚህ የሚወጣ ሰው ትራይፖዱን (የካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ሲዘረጋ ብርሃኑ ያመልጠዋል።

ባሕር ዳር ላይ ጀምበር በታኅሣሥ አጋማሽ አካባቢ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ10 ገደማ ትጠልቃለች፤ በሰኔ አጋማሽ ደግሞ 12 ሰዓት ከ55 ገደማ። ስለዚህ በታኅሣሥ የሚሠራበት ሰዓት ከ12 ሰዓት ከ25 እስከ 12 ሰዓት ከ40 ነው። በሰኔ ከ1 ሰዓት ከ10 እስከ 1 ሰዓት ከ25 ይሆናል። የቀሩትን ወራት ከዕለቱ የጀምበር መጥለቂያ ሰዓት ተነሥቶ ማስላት አያስቸግርም። ቦታው ላይ መድረስ የሚያስፈልገው ጀምበር ሳትጠልቅ ነው፤ ቦታ መምረጥ፣ ትራይፖድ መትከልና ፎከስ ማስተካከል በቀን ብርሃን ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ሲሆን በጨለማ አሥር ደቂቃ ይበላል።

ያቺ ሩብ ሰዓት ለምን ይህን ያህል እንደምትለይ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። በዚያ ጊዜ የሰማዩ ብርሃን በየጥቂት ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል፤ የመንገድ መብራቱ ግን አይለወጥም። መጀመሪያ ላይ ሰማዩ ያይላል፣ መብራቶቹ የበሩ እንኳ አይመስሉም። መጨረሻ ላይ መብራቶቹ ያይላሉ፣ ሰማዩ ይጠፋል። በመካከል ሁለቱ የሚመጣጠኑባት ጥቂት ደቂቃ አለች። ካሜራ እንደ ዓይናችን ብሩህና ጨለማውን ባንድ ጊዜ ማየት ስለማይችል፣ ሰማዩ፣ ሕንፃውና አምፖሉ ባንድ ፎቶ ላይ ሁሉም መልካቸውን ይዘው የሚወጡት በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ካለፈች በኋላ ምንም ያህል ኮምፒውተር ላይ ቢደከም የጠፋው ሰማይ አይመለስም።

ወደ አሠራሩ ልግባ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል) ኤፍ 8፣ ሻተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) በ2 ሰከንድ መጀመር። ሰማዩ እየጨለመ ሲሄድ ወደ 4፣ ከዚያ ወደ 8 ሰከንድ ከፍ ማድረግ። ካሜራው በራሱ እንዲለካ ከተተወ ጨለማውን አይቶ ብርሃን ያበዛል፣ አምፖሎቹም ፎቶው ላይ ቅርጻቸው ጠፍቶ ነጭ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ማኑዋል (ሁሉም በእጅ የሚመረጥበት) ላይ አድርጎ ሂስቶግራሙን (ጨለማውን በግራ፣ ብሩሁን በቀኝ የሚያሳየውን ግራፍ) ማየት ይሻላል። በስተቀኝ ጠርዝ ላይ የተከመረው የአምፖሎቹ ብርሃን ብቻ ከሆነ ግድ የለም። የሕንፃ ግድግዳና የመንገድ አስፋልት ጭምር ጠርዙን ከነካ ግን ሰከንዱን መቀነስ ነው። ፎከሱን ሩቅ ባለ አንድ አምፖል ላይ በስክሪኑ አጉልቶ ማስተካከል፣ ከዚያ አውቶ ፎከሱን ማጥፋት። በሮው (ካሜራው ባላቀነባበረው ፋይል) ማንሳት። ሌንሱ ላይ የተገጠመ ዩቪ ፊልተር ካለ መንቀል፤ የአምፖሉ ብርሃን በፊልተሩና በሌንሱ መካከል እየተንፀባረቀ ሰማዩ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ የሚያመጣው እሱ ነው። ትራይፖድ ላይ ሲሆኑ የሌንሱን ማረጋጊያ ማጥፋትም አይረሳ፤ የሌለ እንቅስቃሴ እየፈለገ ራሱ ፎቶውን ያደበዝዘዋል። ሻተሩን በጣት ከመጫን በ2 ሰከንድ ታይመር ማስነሳት ይበጃል። ረዥም ኤክስፖዠር ላይ (ሻተሩ ለሰከንዶች ሲከፈት) ካሜራው በራሱ የሚያደርገውን የኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚረጩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች) ቅነሳም ዝጉት። የ8 ሰከንድ ፎቶ ካነሳ በኋላ ሌላ 8 ሰከንድ ያስጠብቃል፤ ሩብ ሰዓት ብቻ ላለው ሰው ይህ ግማሽ ሥራውን እንደ መንጠቅ ነው።

ትራይፖድ የሌለው ሰው ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ከአቡጀዲ የተሰፋ ከረጢት ውስጥ ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ባቄላ ወይም ሽምብራ ጨምሮ፣ አፉን ሰፍቶ፣ የግንብ አጥር ወይም የድልድይ መደገፊያ ላይ አስቀምጦ ካሜራውን መሀሉ ላይ መጫን ይበቃል። ከረጢቱ ጢም ብሎ መሙላት የለበትም፤ አንድ ሦስተኛው ባዶ ሲሆን ነው የካሜራውን ቅርጽ ይዞ የሚያረጋው። ነፋስ ባለበት ቦታ ከቀላል ትራይፖድ ይሻላል።

የመብራቱን ቀለም በተመለከተ ከተማችን የተደባለቀች ናት። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ብርቱካን፣ ሲበዛ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ብርቱካንማው የሶዲየም አምፖል 2,000 ኬልቪን ገደማ ነው፣ አዲሶቹ የኤልኢዲ መብራቶች ከ4,000 እስከ 6,000 ይደርሳሉ፣ የድንግዝግዙ ሰማይ ደግሞ ከ10,000 በላይ ነው። አውቶ ዋይት ባላንስ (ካሜራው ቀለሙን በራሱ ሲያመዛዝን) እያንዳንዱን ፎቶ በተለየ ቀለም ያወጣዋል። 4,000 ገደማ ላይ ማሰር ጥሩ ነው፤ ሰማዩ ሰማያዊ ይሆናል፣ አሮጌው መብራትም ሙቀቱን ይዞ ይቀራል። ብርቱካኑን ጨርሶ ለማጥፋት መታገል አያስፈልግም፤ የሰፈሩ እውነተኛ መልክ ነው።

አሁን በግንቦት 2016 ዓ.ም. ስለተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ፤ ሁሉም ሰው ማንሳት የሚፈልገው እሱን ነውና። ድልድዩ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። የተለመደው ስህተት ድልድዩ ላይ ቆሞ ማንሳት ነው። ሲኖትራክ ወይም አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይን አያየውም፣ የ4 ሰከንድ ፎቶ ግን ያየዋል፤ እያንዳንዱ አምፖል ሁለት ሆኖ ይወጣል። ግድ ድልድዩ ላይ መሆን ካለበት ከባድ መኪና እስኪያልፍ መጠበቅና ከምሰሶው አጠገብ መቆም ነው፤ በምሰሶዎች መካከል ያለው ወለል ይበልጥ ይወዛወዛል። ከሁሉም የሚሻለው ከወንዙ ዳር ሆኖ ድልድዩን በጎን ማየት ነው፤ ብርሃኑ ውኃው ላይ ሲወርድ የሚገኘው ከዚያ ነው።

የመኪና መብራት ቀይና ነጭ መስመር ሠርቶ ድልድዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲያቋርጥ የሚፈልግ ሰው ሒሳቡን ይሥራ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 380 ሜትሩን የሚጨርሰው በ34 ሰከንድ ነው። አብዛኛው ካሜራ ያለ ባልብ (ሻተሩን የፈለጉትን ያህል ከፍቶ ማቆያው) ከ30 ሰከንድ አያልፍም፤ ስለዚህ መስመሩ መንገድ ላይ ይቋረጣል። መፍትሔው አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 11 አጥብቦ እያንዳንዳቸው 15 ሰከንድ የሆኑ ሦስት ወይም አራት ፎቶዎችን ካሜራው ሳይነካ በተከታታይ ማንሳት፣ በኋላም በፎቶሾፕ ላይተን በሚለው፣ ከየፎቶው ብሩሁን ብቻ በሚያስቀረው ስልት መደራረብ ነው። ኤፍ 11 ሌላም ጥቅም አለው፤ ራቅ ያለው አምፖል ኮከብ ይሠራል። የሌንሱን ቀዳዳ የሚያጠቡት ምላጮች ቁጥር ለሁለት እኩል የሚካፈል ከሆነ፣ ለምሳሌ 8 ከሆነ፣ ኮከቡ 8 ጨረር ይኖረዋል። ጎዶሎ ከሆነ እጥፉን ይሰጣል፤ 7 ምላጭ 14 ጨረር ያወጣል። ከኤፍ 16 በላይ ማጥበብ ግን ፎቶውን በሙሉ ያደበዝዘዋል።

ዘንባባ የተተከለበት ዋናው ጎዳና ላይ ጠላታችን ነፋስ ነው። በ8 ሰከንድ ግንዱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቅጠሉ ግን ጭስ ይመስላል። እዚያ አይኤስኦውን ወደ 800 ከፍ አድርጎ ሻተሩን ወደ 1 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ማውረድ፣ ነፋሱ ጋብ ሲልም ደጋግሞ ማንሳት ነው። ለዚህ ጎዳና ከዓመቱ ሁሉ የማስበልጠው ክረምትን ነው። ዝናቡ ባባራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አስፋልቱ ገና እርጥብ ነው፤ የሱቁ ብርሃን፣ የባጃጁ መብራት፣ የሰማዩ ሰማያዊ ሁሉም መሬት ላይ ይደገማል። አቧራውም ታጥቦ ስለወረደ ሩቁ ጥርት ብሎ ይታያል። ካሜራውን ከመሬት ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ነጸብራቁን ያበዛዋል። በክረምት የመንገድ ዳር በቆሎ ጠባሾችም አሉ፤ ከሰሉ ፊታቸውን ከታች ሲያበራው ኤፍ 1.8፣ አይኤስኦ 3,200፣ ሻተር 1/30 ይበቃል። ከሰሉ በማራገቢያ ሲራገብ ፍሙ ደምቆ ለሁለትና ሦስት ሰከንድ ይቆያል፤ መጫን ያኔ ነው። ግን መጀመሪያ ማስፈቀድ ይቀድማል። «እናቴ፣ ባነሳዎ ይፈቅዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስቸግርም፤ እምቢ ካሉም አመስግኖ ማለፍ ነው።

ጣና ግን የምሽት ሳይሆን የንጋት ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወደ ከተማው የሚነፍሰው ነፋስ ውኃውን ያናውጠዋል፤ ጎህ ሲቀድ አብዛኛውን ጊዜ ይረጋል። የንጋቱ ሰማያዊ ብርሃን ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ከ30ኛው እስከ 15ኛው ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ15 እስከ 12 ሰዓት ተኩል፣ በሰኔ አጋማሽ ከ11 ሰዓት ከ40 እስከ 11 ሰዓት ከ55 ገደማ። ታንኳ የያዘ ዓሣ አጥማጅ ሲያልፍ ረዥም ሻተር አይሠራም፤ ከ1/60 በታች ካወረዱት የሰውየው ቅርጽ ይሟሟል። ሰማዩን ለክቶ ሰውየውን ጥቁር ጥላ አድርጎ ማውጣት ይሻላል። ከጀልባ ላይ ከተማውን በረዥም ኤክስፖዠር ለማንሳት መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ትራይፖዱ ራሱ ከጀልባው ጋር ይወዛወዛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌንሱ ላይ ጤዛ ያርፋል፤ ሁድ (የሌንሱን አፍ የሚከልል ቀለበት) መግጠምና ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በኪስ መያዝ ያስፈልጋል።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር በብርቱ ላሳስብ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፣ ሲጨልም ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል፤ የሚወጣበትም ሰዓት እኛ ትራይፖድ ከምንተክልበት ሰዓት ጋር አንድ ነው። የተረገጠ ሣርና ወደ ውኃው የሚወርድ ሰፊ ዱካ ባለበት ቦታ መቆም አይገባም፤ በጉማሬና በውኃው መካከል መገኘት ሕይወት ያሳጣል። ሁለት ሰው ሆኖ መሄድ፣ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ዙሪያውን ማየት ይኖርበታል። ጥበቃ ባለበት ቦታም እንዲሁ፤ ድልድይ፣ ቤተ መንግሥት፣ ካምፕ ወይም የመብራት ጣቢያ አጠገብ ትራይፖድ ከመትከል በፊት ጠባቂውን ሰላም ብሎ ምን እንደሚነሳ ማሳየት። ሰዓት እላፊ በተጣለበት ጊዜ ደግሞ ድንግዝግዙ አንድ ተጨማሪ በረከት አለው፤ ሥራው በጊዜ ያልቃል።

ከተማውን ከላይ ለማየት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት የበዛዊት ኮረብታ አለ። ከተማው ከዚያ በሰሜን ምዕራብ በኩል ስለሚታይ የመጨረሻው ብርሃን ከበስተጀርባው ይቀራል፤ ከ70 እስከ 135 ሚሊ ሜትር ያለው ሌንስ ይበቃል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ግን አቧራና ጭሱ ሩቁን ስለሚሸፍነው ባይደከም ይሻላል። ሙሉ ጨረቃ የሚፈልግ ሰው ከመሙላቷ አንድ ቀን ቀድሞ ይውጣ፤ ያን ዕለት ጨረቃ ከጀምበር መጥለቅ ቀደም ብላ ስለምትወጣ ድንግዝግዙ ሲደርስ በምሥራቅ ከፍ ብላ ትገኛለች።

ሞባይል ላላቸው፦ ናይት ሞድ ብዙ ፎቶ ደርቦ ሰማዩን ያነጣዋል፣ ሌሊቱን ቀን ያስመስለዋል። አምፖሉን በጣት ነክቶ ብርሃኑን ወደ ታች መጎተት ይህን ያስተካክለዋል። ፕሮ ሞድ (ሁሉም በእጅ የሚመረጥበት) ካለው አይኤስኦ 50 ወይም 100፣ ዋይት ባላንስ 4,000፣ ሻተሩን ደግሞ የአምፖሎቹ ቅርጽ እስኪታይ ማሳጠር። በጣት አለማጉላት፣ ዋናውን ሌንስ ብቻ መጠቀም፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ሌንሱን መጥረግ። ከየአምፖሉ የሚወጣው ረዥም ጨረር አብዛኛውን ጊዜ የጣት ቅባት ነው።

በከተራ ማታ፣ ጥር 10፣ ታቦታቱ በጥምቀተ ባሕሩ ድንኳን ሲያድሩ በፍላሽ ፈጽሞ መነሳት የለበትም። ጸሎቱን ያውካል፤ የጧፉንም ብርሃን ያጠፋዋል፣ ፊቱን ነጭ፣ ጀርባውን ጥቁር ያደርጋል። ኤፍ 2፣ አይኤስኦ 3,200፣ 1/60 ጧፍ የያዘን ሰው ፊት በበቂ ያወጣል።

መብራት ሲጠፋስ? ያኔም ይነሳ። ግማሹ ሰፈር ጨልሞ በጄኔሬተር የበራው ሕንፃ ብቻውን ቆሞ ሲታይ፣ በላዩም ከዋክብቱ ሲወጡ፣ ያ የከተማችን አንዱ እውነት ነው። በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 1,600፣ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ፤ ከዚያ ካለፈ ከዋክብቱ መስመር ይሆናሉ። የጨለመውን ሰፈር በኮምፒውተር መብራት መሙላት ወይም ከሌላ ቀን ሰማይ አምጥቶ መለጠፍ ግን ለጋዜጣ የሚሆን ፎቶ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት የተነሱትን መደራረብ ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ቢሆን ከሥሩ ይጻፍ።

አሁን ወደ እናንተ። የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ይመጥጣል። 50 ከመቶ እንዲሆን የተላከ ነጥብ ወረቀቱ ላይ ሲሰፋ 75 ከመቶ ገደማ ይሆናል፤ ጥቁሩም ወረቀቱ ላይ ሲደርቅ ጥቁር ግራጫ እንጂ ጥልቅ ጥቁር አይሆንም። ስለዚህ በስክሪን የሚያምር የሌሊት ፎቶ በገጻችሁ ላይ ጭቃ ሆኖ ይወጣል። ድንግዝግዙ ላይ የተነሳ ፎቶ ይህን ይችለዋል፤ ሰማዩ ድፍን ጥቁር ስላልሆነ ቀለሙ ቢሰፋም ሕንፃው ከሰማዩ ተለይቶ ይቀራል። ገጽ አቀናባሪዎቻችሁ የፎቶውን መካከለኛ ጥላ በከርቭ ከፍ ያድርጉት፤ ስክሪኑ ላይ ትንሽ የነጣ እስኪመስል ድረስ ይሁን፣ ማተሚያው ቀሪውን ያጠቁረዋል። ንፅፅሩን መጨመር የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጥቂት ብቻ።

ፎቶ ላኪዎችም ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልኩ በገጻችሁ ብትገልጹላቸው። እንደ ፎቶ ሲላክ አብዛኛውን ጊዜ ረዥሙ ጎን ወደ 1,280 ፒክስል ይወርዳል፤ ይህ በጋዜጣ ጥራት፣ በአንድ ኢንች 200 ነጥብ፣ ከ16 ሴንቲ ሜትር በላይ አይሰፋም። የፊት ገጽ ፎቶ አድርጋችሁ ስትዘረጉት የሚበላሸው ለዚህ ነው፤ ሰማያዊው ሰማይም በጭመቃው ምክንያት ደረጃ ደረጃ ሠርቶ ይወጣል።

በመጨረሻም፣ ከእያንዳንዱ የከተማ የሌሊት ፎቶ ሥር የተነሳበት ቀንና ሰዓት፣ የቆሙበት ቦታና ያነሳው ሰው ስም እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። «ባሕር ዳር በሌሊት» የሚለው ብቻውን አይበቃም። «ጥቅምት 20፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ30፣ ከዓባይ ምሥራቅ ዳር» ተብሎ ከተጻፈ ግን ሌላው ወጣት በማግሥቱ እዚያው ቆሞ መሞከር ይችላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ
ባሕር ዳር፣ ጎጃም